ዝርዝሩ ላይ ያልተገኘው ሽታው

ኑርዬ መረብ ለመጠገን ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጠብ ነው። ጭቃና ሣር የያዘ መረብ ያታልላል፤ የተበላው ክር ደህና መስሎ ይታያል። በሐይቁ ውኃ ሁለት ጊዜ ያለቀልቀዋል። በሁለት የባሕር ዛፍ ችካሎች መካከል ይወጥረዋል። ፀሐይዋን በጀርባው አድርጎ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጥና ከላይኛው ገመድ ጀምሮ ዓይን በዓይን ወደ ታች ይዳስሳል። ዓይን የሚሉት በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

የተቀደደው ቦታ ሲደርስ ምላጭ ያወጣል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳውን እንዳለ ለመስፋት ይሞክራል። ኑርዬ ግን መጀመሪያ ያሰፋዋል። ጤነኛ ቋጠሮ እስኪያገኝ ድረስ የሳሳውን ክር ሁሉ እየቆረጠ ይጥላል። ቡጢ የማታስገባ የነበረች ቀዳዳ ጭንቅላት ታሾልካለች። ከዚያ መርፌውን ያነሳል። መርፌው ከቀርከሃ የተጠረበ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ መሐሉ ላይ ናይለኑ ክር የሚጠቀለልበት ምላስ አለው። ክሩን በመጀመሪያው ጤነኛ ዓይን ያሳልፋል፣ ስፋቱን በሦስት ጣቱ ይለካል፣ ሁለት ጊዜ ይጠመጥማል፣ ያጠብቃል። ከሦስት ጣት ከጠበበ ገና ያላደገ የቆሮሶ አሳ ይይዛል፤ ከሰፋ ያደገውም ያመልጣል።

የሚያጠብቀው በጥርሱ ነው። ሌሎቹ ጠጋኞች ክሩን በግራ እጃቸው ትንሽ ጣትና በቀለበት ጣታቸው ወጥረው ይይዛሉ። የኑርዬ እነዚያ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ከመሐል አንጓቸው ላይ ተሰብረው እንደነገሩ የገጠሙ ናቸው። ስለዚህ በያንዳንዱ ቋጠሮ አንገቱን ወደ መረቡ ያቀርባል፣ ይነክሳል፣ ይስባል።

«ኑርዬ፣ መረቤን ጨረስከው እኮ! ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ይሉታል አሳ አጥማጆቹ።

«ያንተን መረብ የሚጠግን ሰው ቁርስ የሚበላበት ጊዜ አለው? እንደ ወንፊት አድርገኸው መጣህ!»

ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። ስለ ጣቶቹ ግን የሚጠይቀው የለም። እዚያ ዳርቻ የሚውለው ሁሉ ያውቃል።

ኑርዬ ሙአዊያ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። የተወለደው ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ በታች ነው። አባቱም አሳ አጥማጅ ነበሩ። ጠዋት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄዱ መንገደኞች በአጠገቡ ሲያልፉ «እንደምን አደርክ» ይሉታል፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ዓይኑን ከመረቡ አያነሳም። ቤቱ ከእናቱ ከእትዬ ዑምኩልሱም ጋር ነው። በ2011 ከዚህ ወጥቶ ሄደ። በ2013 ተመለሰ። በሁለቱ መካከል ዐረብ ሀገር ድንበር ላይ ያለ እስር ቤት ውስጥ አሥራ አራት ወር ኖሯል።

የሄደው እንደ ሌላው ሰው ነው። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሄደው የቆርቆሮ ቤት አሠሩ። እሱ ቀረ። አንድ ቀን እሱም በአፋር በረሃ አድርጎ ጂቡቲ ጠረፍ፣ ኦቦክ ደረሰ። እዚያ ጀልባ ሲጠብቅ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ አንድ ረዘም ያለ ልጅ ጀሪካኑን ያዘለት። በአነጋገሩ የወሎ ልጅ መሆኑን አወቀ።

«የየት ነህ?»

«የአምባሰል።»

«እኔ የሐይቅ! ጎረቤቴ ነሃ! ስምህስ?»

«ሽታው።»

ኑርዬ አንገቱን አየ። ጥቁር ማተብ አለ። «ሽታው፣ ይህን አስረህ፣ ይህን ስም ይዘህ አትሻገርም» አለው።

ይህ ኑርዬ የፈጠረው ነገር አይደለም። ከወሎ በዚያ መንገድ የሚሄድ ክርስቲያን ብዙው እንዲህ ያደርጋል። ማተቡን ይፈታል፣ የሙስሊም ስም ይይዛል፣ ሰላምታውንና አሰጋገዱን ከጓደኞቹ ይማራል። ዐረቡ አሠሪ በስሙ እንዳይገፋው፣ ድንበር ላይ የሚይዘውም እንዳይከፋበት ነው። ሙስሊሞቹም ስም ያውሳሉ። አያቱ ሙሐመድ፣ አባቱ አያሌው የሆነ ሰው ሞልቶ በተረፈበት አገር ስም መዋዋስ ነውር አይደለም።

ኑርዬ ከዚያም አለፈ። የራሱን አባት ስም ጨመረለት። «ሙነወር ሙአዊያ ነህ። ታናሽ ወንድሜ ነህ። ወንድማማች ናቸው ካሉን አይለያዩንም።»

«አያ ኑርዬ፣ እኔኮ የማውቀው ቢስሚላሂን ብቻ ነው።»

«ከሱ ጀምር። የቀረውን ጀልባው ላይ ታጠናለህ።»

«ጀልባው ላይማ ማን ያጠናል? የቅዱሳኑን ስም ስጠራ ብትሰማ እንዳትቆጣኝ።»

«ያኔ እኔም አብሬህ እጠራለሁ፤ አብሽር።»

ሽታው ማተቡን ፈታ። አልጣለውም። ጠቅልሎ በሱሪው መቀነቻ ስፌት ውስጥ ሲያስገባው ኑርዬ አየ። እንዳላየ ሆነ።

ባሕሩን ተሻገሩ። የመንን በእግርና በጭነት መኪና አቋረጡ። ድንበሩን ባለፉ በሁለተኛው ቀን ተያዙ።

የታሰሩበትን ክፍል ኑርዬ በእርምጃ ለክቶታል። ቁመቱ አሥራ ሰባት እርምጃ፣ ወርዱ ስምንት። እነሱ ሲገቡ መቶ አርባ ሰው ነበረበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ መተኛት ስለማይችል በፈረቃ ይተኙ ነበር፤ ሲሶው ይተኛል፣ ሲሶው ይቀመጣል፣ ሲሶው ግድግዳ ይደገፋል። ሽንት ቤቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የተደፈነ። ቧንቧው በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ የሚወርደው ውኃ ከጣሪያ ታንከር ስለሚመጣ ይፋጃል። ጨርቅ በዚያ ውኃ ነክረው እስኪቀዘቅዝ ያናፍሱታል፣ ጨርቁን ጨምቀው ይጠጣሉ። ሩዝ በትሪ ለስምንት ሰው ይመጣል። ግድግዳው መስኮት የለውም። አምፖሉ አይጠፋም። እከክ ያልያዘው ሰው አልነበረም። እከኩ የጸናበት ሰው ደግሞ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ ጎኑን መሬት ካስነካ ቆዳው ይጣበቃል።

በሩ ብረት ነው። መሐሉ ላይ እጅ የምታሾልክ መስኮት አለችው፤ ጠባቂው ከውጭ ይከፍታታል፣ ከውጭ ይዘጋታል። ጠዋት ጠዋት በዚያች መስኮት ስም ይጠራል። የተጠራ ሰው «ሃዲር» ማለት አለበት፤ አለሁ ማለት ነው። የዘገየ ሰው ተጠርቶ ይወጣና ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገረፋል።

ሽታው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተገረፈ። «ሙነወር ሙአዊያ» ሲባል እሱ መሆኑን ይረሳል። ዘወር ብሎ ሙነወር የሚባለውን ሰው ይፈልጋል።

ኑርዬ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ሩዝ ሲበሉ፣ ተራ ሲጠብቁ፣ ቅማል ሲለቅሙ ድንገት «ሙነወር!» ይለዋል።

«ሃዲር!»

«ዘገየህ። ሙነወር!»

«ሃዲር! ኧረ በናትህ አያ ኑርዬ፣ አፌ ውስጥ ሩዝ አለ።»

«ገመዱ ሩዝህን እስክትውጥ አይጠብቅህም። ደግሞ ‹በናትህ› አትበል፤ እናትህንም እርሳት።»

በወሩ ጨረሱ። ሽታው ተኝቶ እንኳ «ሙነወር» ሲሉት «ሃዲር» ይል ጀመር። አንድ ቀን አንዱ እስረኛ ለመሞከር «ሽታው» አለው። ሽታው ዞሮም አላየው። እስረኛው ሳቀ። ኑርዬ ደስ አለው፤ ልክ አንድ የከበደ ሥራ በአግባቡ እንደጨረሰ ሰው። ዛሬ ስለዚያ ደስታ ሲናገር መርፌውን ያስቀምጣል።

ሽታው ስለ ቤቱ ያወራው ጥቂት ነው። እናቱ ለተብርሃን ትባላለች፤ በስሟ ነው የሚጠራት። ከቤታቸው በታች የናፍጣ ወፍጮ አለ። እህቱ ሰላማዊት ስታገባ እሱ ኦቦክ መንገድ ላይ ነበር። ይኸው ነው። የቀረውን ኑርዬ ራሱ «እርሳ» ብሎ አስረሳው።

በአሥራ አንደኛው ወር ሽታው ታመመ። ትኩሳት፣ ከዚያ ተቅማጥ። ኑርዬ በየጠዋቱ መስኮቷ ስትከፈት ሐኪም እንዲጠሩለት ይጠይቃል።

«ከመሐላችሁ ሐኪም የለም?» ይላል ጠባቂው። «ይሄ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ!»

መስኮቷን ይዘጋታል። በሰባተኛው ቀን ኑርዬ መስኮቷ ሳትዘጋ ግራ እጁን አውጥቶ የጠባቂውን እጅጌ ያዘ። «ወንድሜ እየሞተ ነው» አለ በሚያውቃት ዐረብኛ። ጠባቂው የብረት መዝጊያዋን እጁ ላይ በኃይል ዘጋት። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። ኑርዬ እጁን መልሶ ሲያስገባ ሁለቱ ጣቶቹ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረዋል።

ከዚያ በኋላ ሽታው ድምፅ ማውጣት አቃተው። ኑርዬ ስለሱ ይመልስ ጀመር። ድምፁን ቀጠን አድርጎ «ሃዲር» ይልለታል። ስምንተኛው ቀን አለፈ። በዘጠነኛው ጠዋት ጠባቂው «ሙነወር ሙአዊያ» አለ፣ ኑርዬ «ሃዲር» አለ፣ ጠባቂው ቀጠለ። ኑርዬ ውኃ ያረሰረሰውን ጨርቅ ይዞ ወደ ሽታው ዞረ። ከንፈሩ ላይ ጨመቀው። ውኃው በጉንጩ በኩል ወረደ። «ሙነወር» አለው። «ሙነወር፣ ሙነወር።»

ሞቶ ነበር። «አለሁ» ያለለት ለሞተ ሰው ነው።

አስከሬኑ እስከ ከሰዓት መሐላቸው ዋለ። ከዚያ ሁለት ሰዎች መዝገብ ይዘው መጡ። «የሟቹ ስም?» አሉት። እዚህ ላይ ኑርዬ እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። በስም የዋሸ ሰው ምን እንደሚደረግ አይቷል፤ አንዱ እስረኛ ስሙ ሌላ ሆኖ ተገኝቶ ወደ ሌላ ክፍል ተወስዶ ነበር፣ ከዚያ ወሬው አልተሰማም። «ሙነወር ሙአዊያ» አለ። ጻፉ። ወንድሙ ስለሆነ እንዲያጥበው ሁለት ባልዲ ውኃ ሰጡት። በአንድ እጁ አጠበው። ሱሪውን ሲያወልቅለት ከመቀነቻው ስፌት ውስጥ የተጠቀለለችው ማተብ አለች። ኑርዬ በራሱ ምላስ ሥር ደበቃት። ሲቀብሩት ኑርዬን አልወሰዱትም። ከሦስት ወር በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የዐረብኛ ወረቀት ሰጡት፤ ሙነወር ሙአዊያ፣ የሞተበት ቀን፣ የመቃብር ቁጥር።

ኑርዬ ሐይቅ ሲደርስ እናቱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ቀድሞት የተመለሰ የሐይቅ ልጅ ነግሯቸው ነበር፦ «ኑርዬ አለ፤ ወንድሙ ሙነወር ግን ሞተ።» እትዬ ዑምኩልሱም ሙነወር የሚባል ልጅ የላቸውም። ኑርዬ ለእናቱ አንድ ነው።

«ከኔ ሌላ አባትህ ያገባት ሴት አለች ብዬ ሦስት ቀን ተናደድኩ» አሉት። «በአራተኛው ቀን ገባኝ። የማን ልጅ ነው?»

ነገራቸው።

«በኔ ልጅነት ከሞተማ ልጄ ነው። ሰደቃ አውጥቻለሁ፣ ዱዓ አስደርጌያለሁ። ያቺ የወለደችው ግን አታውቅም።»

«አላውቃትም እማ። አምባሰል ሰፊ ነው።»

«እና? አሳ ትሸጥ የለም? እየሸጥክ ጠይቅ።»

ወዲያው አልሆነም። ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው ተበተነ። ነገሩ ሲረግብ ኑርዬ በገበያ ቀን አሳውን በሣር ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ወደ አምባሰል፣ ውጫሌ እየሄደ መሸጥ ጀመረ። ሐይቅ ቢሸጥ ድካሙ ይቀንስለት ነበር። ለያንዳንዷ ገዢ የአሳውን ቅርፊት እየፋቀ ይጠይቃል፦ «ለተብርሃን የምትባል፣ ልጇ ዐረብ ሀገር የሄደ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ?» ሰባት ወር ጠየቀ። በሰባተኛው ወር አንዲት ሴት «የሽታው እናት?» አለችው። ቢላዋው ከኑርዬ እጅ ወደቀ። ከሰው አፍ ያንን ስም ከሰማ ዓመታት አልፈዋል።

በማግሥቱ ሴትዮዋ ወደነገረችው ቤት ሄደ። ስህተቱን የሠራው እዚህ ነው። ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ሦስት ትልልቅ ቆሮሶ ይዞ ገባ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ስልሳ ዓመት ገደማ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን። «ኑርዬ እባላለሁ፣ የሽታው ጓደኛ ነኝ፤ ከሐይቅ ነው የመጣሁት» ሲላቸው ዓይናቸው እጁ ላይ ወዳለው አሳ ሄደ። ከዚያ እልል አሉ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ስጦታ ይዞ አይገባም። ባዶ እጁን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ነው የሚመጣ። ይህ ግን አሳ ይዟል።

«አውቄዋለሁ! እኔ አውቄዋለሁ!» አሉ። «ተቀመጥ የኔ ጌታ። ዝርዝር ይዘው ቀበሌ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የታሰረውንም የሞተውንም ስም የያዘ። ሽታው አያሌው ብላችሁ ፈልጉልኝ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩልኝ። የለም አሉኝ። እልል ብዬ ነው የተመለስኩ። ስሙ ከሙታኑም ከእስረኛውም ከሌለ ገብቷል ማለት ነዋ! ሥራ ይዟል ማለት ነዋ! አይደለም እንዴ?»

ኑርዬ አፉን ከፈተ። «እማማ…» አለ።

«ከሳ እንዴ? ድሮም ሥጋ የለውም። ለመሆኑ ይጾማል?»

የቆሎ ሰሐን አቀረቡለት። ለሙስሊም እንግዳ የሚቀርበውን ያውቃሉ፤ ቆሎና ወተት። ኑርዬ አንድ እፍኝ ቆሎ ለመዋጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። «ደህና ነው?» ሲሉት ምን እንደመለሰ ዛሬም በትክክል አያስታውስም። «አልተለየኝም ነበር» ያለ ይመስለዋል። ይህ ውሸት አልነበረም። ሲወጣ በራፉ ላይ ጉልበቱን ይዘው ሳሙት።

ቤቱ ሲደርስ እናቱ ፊቱን አይተው አወቁ።

«አልነገርካትም።»

«እልል አለች እማ። እልል አለች።»

«ምን ይዘህ ነው የገባኸው?»

«አሳ።»

እትዬ ዑምኩልሱም ግንባራቸውን በእጃቸው መቱ። «አንተ ልጅ! መርዶን አሳ ይዞ! አሁን ካንጀቷ ደስ ብሏት ትኖራለች፤ አንድ ቀን በጨመርክ ቁጥር የሚወድቅባት ይከብዳል። የሰፈራቸውን ቄስ አስቀድመህ አስነግር፤ እኔም አለሁበት። ባዶ እጅ፣ በማለዳ፣ ከሽማግሌ ጋር።»

በሦስተኛው ቀን ሄዱ። ኑርዬ፣ እናቱ፣ ከሐይቅ አንድ ሸህ። የቀበሌው ቄስ መንገድ ላይ ጠበቋቸው፤ የጎረቤት ሽማግሌዎችን ሰብስበዋል። ወይዘሮ ለተብርሃን እንስራቸውን ይዘው ሊወጡ በር ሲከፍቱ አጥሩ ጥግ የቆመውን ሰው ሁሉ አዩ። ከመሐሉ ኑርዬን ፈለጉ። እጁን አዩ። ባዶ ነው።

ማንም ምንም ሳይል እንስራው ወደቀ።

ጩኸቱን ኑርዬ አይተርከውም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ አልቅሶ፣ ትንሽ ሲረግብ ወይዘሮ ለተብርሃን «ያንን ልጅ አምጡልኝ» አሉ። ኑርዬ ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«የት ቀበራችሁት?»

«አልወሰዱኝም። ወረቀት ነው የሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም… እኔ ያዋስኩት ስም ነው እማማ። ሙነወር ይላል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ላይ ያላገኙት።»

ወይዘሮ ለተብርሃን በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «በመጨረሻ ጠርተኸው ነበር?»

«ጠርቼዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። አንድ ጊዜ መዝገብ ፊት ዋሽቷል። አንድ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ቤት ቆሎ ይዞ እውነቱን ሸፍኗል። «ሙነወር ብዬ» አለ።

«መለሰልህ?»

«አልመለሰም።»

«ስሙ አይደለማ» አሉ። «ስሙ አይደለማ፣ የኔ ልጅ። እንዴት ይመልስልህ?»

እትዬ ዑምኩልሱም ከኋላ ተነስተው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «እኅቴ፣ ስሙ የኔ ቤት ስም ነው። የልጄ አባት ስም ነው። በኔ ስም ነው የሞተው፤ እኔንም ተሳደቢ» አሏቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን አልተሳደቡም። ጭንቅላታቸውን ዑምኩልሱም ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። እንደዚያ ሆነው ዋሉ። ኑርዬ ማተቧን አውጥቶ በወይዘሮ ለተብርሃን መዳፍ አኖረ። ጣታቸውን አጠፉባት፤ አላዩዋትም።

ቄሱ ለፍትሐት የሽታውን የክርስትና ስም ጠየቁ። ወይዘሮ ለተብርሃን ነገሯቸው። ኑርዬ ያን ስም ያን ቀን ነው የሰማው። አሥራ አንድ ወር ጎኑን ተደግፎ የተኛ ሰው ሦስተኛ ስም ነበረው።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ኑርዬ አሁንም አሳውን በገበያ ቀን ይዞ ይሄዳል፣ አሁንም ይጠይቃል። ምክንያቱም በዚያ ክፍል እሱ እያየ የሞቱት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አራቱ በትውስት ስም የነበሩ ናቸው። ሽታው አንዱ ነው። የሁለቱን ቤት፣ አንዱን ሐብሩ ወረዳ፣ አንዱን ቆቦ በኩል፣ አግኝቶ ባዶ እጁን ገብቷል። አንድ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ኑርዬ የጠየቀው ነገር ቢኖር ስለዚህ ሰው ያለው እንዳለ እንዲጻፍ ነው። መርፌውን ችካሉ ላይ ሰክቶ የተናገረው ይህ ነው፦

«እዚያ ኢስማኤል ነበር የሚባለው። በቤቱ ማን እንደሚባል አልነገረንም፤ እንዳትናገር ያልኩት እኔው ነኝ። ቀይ ነው፣ ቁመቱ እኔን ያህላል፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት። የግራ ጆሮው ጫፍ የለችም፤ ልጅ ሆኖ በቅሎ ነክሳው ነው። ሲተኛ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል። እናቱ ንብ ታረባለች። ከቤታቸው ጀርባ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ሥሩ ምንጭ አለው። የሞተው ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። በሰባተኛው ወራችን። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ከሰፈራችሁ ወጥቶ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ላይ የለም ተብላችሁ እልል ብላችሁ ከሆነ፣ ወደ ሐይቅ ኑ። ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ጋ ኑርዬ በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። እናቱን ገና አታምጧት፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ይምጣ። ከሁሉ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ ስሙን ንገሩኝ።»